የሬይኖ የግብር ተመላሽ

ኖርዝ ሻፍት፣ ማርች 9

ለተወደድሽው እህቴ ለቴርቱ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ ደህና ነን። በረዶው አሁንም የወጥ ቤቱን መስኮት እስከ ግማሹ ይዞታል። ማታ የጠረግኩት ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል። አሁን ትቼዋለሁ፤ ከላይ በሚገባው ብርሃን ሳህን ማጠብ ይቻላል።

የአያቶቻችንን ቤት በኦገስት መጨረሻ ለገዢዎቹ እንደምታስረክቢ የጻፍሽውን አነበብኩ። ሁለቱ እህትማማቾች፣ ያንቺ አያትና የኔ አያት፣ በልጅነታቸው አብረው ይተኙበት በነበረው ክፍል አንድ ሌሊት እንኳ እንዳድር ትፈልጊያለሽ። እኔም እፈልጋለሁ። በአዲስ ሙሽርነታችን ስንመጣ ተከራይ ነበረበትና በመስኮት አይተነው ነው የተመለስነው። እመጣለሁ። ችግሩ ከአሜሪካ ሄልሲንኪ የሚያደርሰኝ የአውሮፕላን ትኬት ነው፤ የነበረችን ቁጠባ በኖቬምበር አልቃለች።

ግን የግብር ተመላሽ አለን። እዚህ ከጡረታ ላይ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ አንዱ ለዋሽንግተን፣ አንዱ ለግዛታችን። ከዋሽንግተን የሚመለስልን የለም። ግዛቱ ግን ከሬይኖ ጡረታ ላይ አብዝቶ ስለሚይዝ ትርፉን በየዓመቱ ይመልሳል። የዘንድሮው ትኬቱን ይችላል።

ቬርና ኮስኬላን በደብዳቤ ታውቂያታለሽ፤ በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ጠረጴዛ ዘርግታ የአዛውንቱን ሁሉ የግብር ቅጽ በነፃ የምትሞላው ናት። ወረቀቶቼን ሰጠኋት። "እንደ አምናው ነው?" አለችኝ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። "እንደ አምናው ነው" አልኳት። የራሴን ፈረምኩ፤ የሬይኖንም ፈረምኩለት። እሱ ብዕር መያዝ አይወድም፤ ከተጋባን ጀምሮ ፊርማውን የምጥልለት እኔ ነኝ። ከዚያ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁት። በኮምፒውተር ቢላክ ቶሎ ይደርሳል ይላሉ፤ ቬርና ግን ኮምፒውተር አታምንም።

በጸሎትሽ አትርሺን።

ኢርማ እና ሬይኖ


ካውሃቫ፣ ማርች 27

ኢርማዬ፣

የሰማይ አባት ይጠብቅሽ፤ ብርዱንም ያቅልልሽ። ጉልበቴ እንደ እኔው ነው፤ ይነጫነጫል፣ ግን ይሄዳል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ "ኢርማ እና ሬይኖ" ይላል። ብዙ ተቀምጬ አየሁት። የወንድምሽ ልጅ ዴል በዲሴምበር ጽፎልኛል እኮ። ሬይኖ ለአጋዘን አደን ከወንድሞቹ ጋር እንደወጣ፣ በአደን ጎጆው ውስጥ ልቡ ቆሞ እንደሞተ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ እንደቀበራችሁት፣ አንቺም ያን ቀን ሰው ስታስተናግጂ እንደዋልሽ ነግሮኛል። ያኔውኑ የሐዘን ካርድ ላክሁልሽ። ደረሰሽ ወይስ ፖስታው በላው? ነፍሱን ይማር፤ ደግ ሰው ነበር። ከዚህ በላይ አልልም። መናገር ስትፈልጊ እኔ አለሁ።

ስለ ግብሩ ግን ልስቅብሽ ነው፣ አትቀየሚኝ። እዚህ ግብር ቢሮው ራሱ ሞልቶ ይልክልኛል። እኔ መነጽሬን አድርጌ አየዋለሁ፤ ካልተሳሳተ ዝም እላለሁ፤ በኦገስት ትርፉ ባንኬ ገብቶ አገኘዋለሁ። በኖቬምበር ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ ገቢ ይፋ ይወጣል። ጎረቤቴ ኦላቪ ስንት እንዳገኘ እኔ አውቃለሁ፤ ስንት እንዳገኘሁ እሱ ያውቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ስንነታረክበት እንከርማለን። ምንም የሚደበቅ የለም፣ ሰላም ነው።

ትኬቱን እኔ ልቁረጥልሽ። ከቤቱ ሽያጭ ቀብድ ተቀብያለሁ። እሺ በይኝ።

ያንቺው ቴርቱ


ኖርዝ ሻፍት፣ ሜይ 2

ለውድ እህቴ ለቴርቱ፣

የጌታ ቸርነት ከቤትሽ አይራቅ። መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ። ካርዱ ደርሶኛል። መሳቢያ ውስጥ አለ።

ለትኬቱ ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን አልቀበልም። የራሳችን ገንዘብ እየመጣ የሰው ገንዘብ ምን ያደርግልኛል?

ረቡዕ ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ በኮምፒውተር አየዋለሁ። እዚያ ስምሽን ሳይሆን ቁጥርሽንና የሚመለስልሽን ልክ ነው የሚጠይቅሽ፤ አንድ ዶላር እንኳ ከተሳሳትሽ አላውቅሽም ይልሻል። ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ቅጹ ደርሷል፣ በምርመራ ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቀው ጆይስ ትስቅብኛለች። "ኢርማ፣ በየሳምንቱ ብታፈጥጪበትም አያፍርም እኮ" ትለኛለች። በወረቀት የላከ ሰው መታገሥ አለበት ትላለች፤ በእጅ እየከፈቱ፣ በእጅ እያስገቡ ነው። የተለመደው ጊዜ ሳያልፍ ቢደወልም የሚሉት ያንኑ ነው። እሺ እላታለሁ። ስክሪኑ ፊት ትንሽ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

በረዶው ቀልጧል። ጭቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችንን፣ ሳውናውን፣ አነዳለሁ። እንጨቱ በቂ ነው፤ ባለፈው ኦክቶበር ተፈልጦ ተደርድሯል። ገብቼ እቀመጥና እወጣለሁ። ይሞቃል ግን ሙቀቱ አይሰማኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምግብም እንደዚያው ነው። ፓስቲ የሚባለውን ሥጋና ድንች ያለበት ዳቦ ጋግሬ ግማሹን ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁ።

ደህና ሁኚልኝ።

ኢርማ


ካውሃቫ፣ ሜይ 21

ኢርማ፣

እግዚአብሔር ያበርታሽ፤ እኔንም ትዕግሥት ይስጠኝ።

ገዢዎቹ እሁድ መጥተው ነበር። ከቫሳ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ሰውየው በሜትር እየለካ ዞረ። የእህትማማቾቹ ክፍል ግድግዳ ይፈርሳል፤ ከሳሎኑ ጋር ይቀላቀላል። "ብርሃን ያስፈልገዋል" አለኝ። ምን ልበለው? የሱ ቤት ነው። ሲሄዱ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አሮጊት ሆኜ ለግድግዳ ሳለቅስ ኦላቪ በመስኮት አይቶኝ፣ የገንዘቡ ብዛት አስለቅሷት ነው ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ።

እኔ የምለው ግልጽ ነው። በኦገስት መጨረሻ ያ ክፍል የለም። ምርመራ ላይ ነው ማለት ምን ማለት ነው? የሚመረምሩት ምኑን ነው? ሁለት ጡረተኞች፣ አንድ ቤት፣ አንድ መኪና! ስልክ ደውዪና ጠይቂያቸው። ምናልባት የጠየቁሽ ነገር ይኖራል፤ ደብዳቤ አልላኩልሽም? ጠረጴዛሽን ፈትሺ።

ወይ ደግሞ ገንዘቤን ተቀበዪኝ። ኩራቱ ይብቃን።

ቴርቱ


ኖርዝ ሻፍት፣ ጁን 18

ለተወደድሽው እህቴ፣

ቸሩ አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ።

ደብዳቤ ልከው ነበር። በኤፕሪል ደርሶኛል። ከፍቼ አንብቤ መልሼ አጠፍኩት። ሳልነግርሽ ቀረሁ። አድራሻው ላይ ያለው የሬይኖ ስም ነው። የሚለው እንዲህ ነው፤ ቅጹን የላኩት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ማረጋገጥ እንፈልጋለን፤ እስክናረጋግጥ ድረስ ተመላሹ ባለበት ይቆያል። የሌላ ሰው ስም ይዘው ገንዘብ የሚወስዱ ሌቦች ስለበዙ ነው ትላለች ጆይስ።

እንዳልሽኝ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ፣ ረዥም። ከዚያ ቴረንስ የሚባል ልጅ ተነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

"ወይዘሮ ሃካላ፣ ማረጋገጥ የምንፈልገው የባለቤትዎን ማንነት ነው። እሳቸውን ያቅርቡልኝና ጥቂት ጥያቄ ጠይቄያቸው እንጨርሳለን።"

"ውጪ ነው" አልኩት።

"ቶሎ ይመለሳሉ?"

"ሳውናው ጋ ነው።"

"ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ" አለኝ።

እጠብቃለሁ ሲለኝ ጊዜ ምን ላድርግ? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጫማዬን አጠለቅኩና ወጣሁ። በግቢው አልፌ ሳውናውን ከፈትኩ። ማክሰኞ ስለነበር ቀዝቃዛ ነው። ላይኛው መቀመጫ ላይ ወጣሁ፤ እሱ የሚቀመጥበት ነው፤ እኔ ወትሮ ታች ነኝ። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጁ እየጠበቀኝ እንደሆነ ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

"አልመጣም" አልኩት።

"እምቢ አሉ?"

"አልመጣም።"

"እሺ፤ ሲመቻቸው ይደውሉልን። ግን ይወቁት፣ የመመለሻው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ካረጋገጥን በኋላ ነው። እስከዚያ አንዲት እርምጃ አይሄድም።"

አመሰገንኩት። እሱም መልካም ቀን ተመኘልኝ። ይኸው ነው። ምርመራ ላይ ያለው ይሄ ነው።

ኢርማ


ካውሃቫ፣ ጁላይ 6

ኢርማ፣ እህቴ፣

እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን፤ ሳውናው ውስጥም ቢሆን።

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ያንን ልጅ ስልክ ላይ አስቀምጠሽ ሬይኖን ልትጠሪ ሄድሽ!

አሁን ልቆጣሽ ነው። ቬርና ኮስኬላ በሬይኖ ቀብር ላይ አልነበረችም? ዴል የጻፈልኝ ሳንድዊቹን ሁሉ የቆረጠችው እሷ እንደሆነች ነው። ታዲያ እንዴት እንደ አምናው ነው ብላ ትጠይቅሻለች? አንቺስ እንዴት እንደ አምናው ነው ትያታለሽ? እናንተ ሰዎች እኮ ጨዋነታችሁ ልክ የለውም! ማንም ማንንም ላለማስከፋት ስትሉ የሞተ ሰው ግብር እንዲሞላ አደረጋችሁት። እኛም እዚህ ዝምተኞች ነን፤ ግን በዚህስ በለጣችሁን።

ቢሮው ሰውየው መሞቱን ከሌላ መዝገብ ሰምቶት ይሆናል። ወረቀቱ ደግሞ አለሁ ይላል። ታዲያ ምን ያድርጉ? ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ገንዘቡን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ኢርማ።

ሬይኖ ሞቷል። ይኸው እኔ ጻፍኩት፤ ሰማይ አልተደፋም። አንቺ ግን እስካሁን በየትኛውም ደብዳቤሽ አልጻፍሽውም። ፈልጌ አይቻለሁ። "የነበረችን ቁጠባ በኖቬምበር አልቃለች" ነው ያልሽኝ። ቁጠባሽ አይደለም እኮ ያለቀው።

ደውዪና ንገሪያቸው። ለገንዘቡ ብዬ አይደለም፤ ከፈለግሽ ነገ ትኬቱን እቆርጣለሁ። ግን እንደዚህ ሆነሽ ብትመጪ ከአውሮፕላኑ የሚወርደው ማን ነው? ያንን ነው የምፈራው። ናፍቀሽኛል። ተቆጥቼሻለሁ፤ ናፍቀሽኛል።

ቴርቱ


ኖርዝ ሻፍት፣ ኦገስት 30

ለውድ እህቴ ለቴርቱ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ቁልፉን የምታስረክቢበት ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ስነሳ አሰብኩሽ። በጊዜው አልደረስኩልሽም። አዝናለሁ።

ደብዳቤሽ ከመጣ ብዙ ቆይቷል። ኪሴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ቬርና ጋ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ራስበሪ የሚባለውን ቀይ ፍሬ ትለቅማለች። እኔም ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ።

"ቬርና፣ ቅጹ ላይ ሬይኖ በሕይወት አለ ብለሽ ነው የሞላሽው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ለምን?"

"አንቺ እንደ አምናው አልሽኛ! ታዲያ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ አይደለም ሞቷል ልበልሽ?"

"ልትዪኝ ይገባ ነበር።"

"ይገባ ነበር" አለች። "ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በፖስታ ሲመልሱት አብረን እናርመዋለን ብዬ ጠበቅሁ። አንቺ ግን አልመጣሽም፤ ባልመጣሽ ጊዜ እኔም መምጣት ፈራሁ።" ከዚያ ራስበሪውን ግማሹን ሰጠችኝ።

በማግስቱ ደወልኩ። ሌላ ሰው ናት የተነሳችው፤ ስሟን ነግራኝ ረሳሁት።

"ባለቤትዎ አጠገብዎ አሉ?" አለችኝ።

"የለም።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"አይመለስም። ሞቷል።"

ያልኩት በራሴ ድምፅ ነው፤ ሰማሁት። ከዚያ ሳትጠይቀኝ ብዙ ነገርኳት። ጎጆው ውስጥ እንደነበር፣ ወንድሞቹ ድንች እየላጡ እንደነበር፣ እሱ ልረፍ ብሎ ጋደም እንዳለ። ጫማውን እንኳ እንዳላወለቀ። አንደኛው ወንድሙ ጫማውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ እንዳመጣልኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለችኝ። ከዚያ የሞተበትን ቀን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስትጽፈው ይሰማኛል። "ወይዘሮ ሃካላ፣ ባለቤትዎ በሞቱበት ዓመት ከእሳቸው ጋር በአንድ ቅጽ መሙላት ይፈቀድልዎታል። ምንም ያጠፉት ነገር የለም። የጎደለው ቀኑና ሟች የሚለው ቃል ብቻ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ኮፒ ከአንድ ገጽ ቅጽ ጋር ይላኩልን።"

አንድ ቃል ነበር የጎደለው ማለት ነው፣ ከማርች ጀምሮ።

"አጠገብዎ ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት።

ሥራዋን ጨርሳለች። ግን አልዘጋችም። ከጀርባዋ የሌሎች ስልክ ይጮሃል፤ ወረፋው ረዥም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ጠብቄበታለሁ። እሷ ግን አልዘጋችም። በመጨረሻ እኔ ነኝ አመስግኜ የዘጋሁት።

ያኔ ምንም አልተሰማኝም። ልብስ ማጠቢያው ጨርሶ ነበርና ሄጄ አሰጣሁ። የተሰማኝ ሐሙስ ዕለት በግሮሰሪው ውስጥ ነው፣ አይቡ ጋ ቆሜ። እሱ የሚወደው ዓይነት ቅናሽ ላይ ነበር። እጄን ዘረጋሁና እዚያው አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ጋሪውን ይዤ። ሰዎች ዘወር እያሉ አለፉ። እዚህ እንዲህ ነን። ጆይስ ግን አላለፈችም፤ ጋሪዬን ይዛልኝ እስክጨርስ ቆመች።

ሬይኖ ሞቷል፣ ቴርቱ። ባሌ ሞቷል።

ኢርማ


ካውሃቫ፣ ሴፕቴምበር 15

ኢርማዬ፣

እግዚአብሔር እንባሽን ይቁጠርልሽ።

ደብዳቤሽን ከአዲሱ ቤቴ በር ስር አነሳሁት። ከተማው ውስጥ ሁለት ክፍል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሳውናው ምድር ቤት ነው፤ ተራ ይዘሽ ነው የምትገቢው፤ የኔ ሐሙስ ነው። ቁልፉን አስረክቤያለሁ። ግድግዳው የፈረሰው በማግስቱ ነው ይሉኛል፤ ሄጄ አላየሁም። ክፍሉ የለም እንግዲህ። አልጋ ግን አለ፤ መስኮቱ ጋ አድርጌልሻለሁ። ለግድግዳው መምጣት አያስፈልግሽም፤ ለኔ ነይ።

አንድ ነገር ግን አለ። ኦላቪን አስቀድሜ ልንገረው ወይ? ያን ጊዜ ስትመጡ ከሬይኖ ጋር ወንዙ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ እንደሰነበቱ ታስታውሻለሽ። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ "ያ ረጅሙ አሜሪካዊ እንዴት ነው?" ይለኛል። ወሬኛ ነውና ዝም ብዬው ስለከረምኩ መሞቱን አልሰማም። ኢርማ ትመጣለች ስለው ሁለታችሁን ከጣቢያ እቀበላለሁ ብሎ ያንን የቆሸሸ መኪናውን አጥቧል። አንቺ እዚያ ቆመሽ እንዳትደነግጪ እኔ እነግረዋለሁ፤ ምን ትያለሽ?

ቴርቱ


ኖርዝ ሻፍት፣ ኦክቶበር 7

ለተወደድሽው እህቴ ለቴርቱ፣

ጌታ አዲሱን ቤትሽን ይባርክልሽ።

ተመላሹ ሰኞ መጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ስሄድ ኮምፒውተሩ ተልኳል ይል ነበር፤ ጆይስ አጨበጨበችልኝ፤ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ተቆጣን። ቼኩ ላይ የሁለታችንም ስም አለ፤ ከሬይኖ ስም ቀጥሎ ሟች የሚል ቃል ታትሟል። በማሽን የታተመ ነው፣ ትንንሽ ፊደል። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ ኮቴን ለብሼ ባንክ ሄድኩ።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። በኖቬምበር ነው የምመጣው፤ የአደኑ ወቅት የሚከፈትበት ሳምንት ነው። ያን ሳምንት እዚህ መሆን አልፈልግም። ቬርና ቤቱን ትጠብቅልኛለች። ሄልሲንኪ ጠዋት ደርሼ በባቡር ነው የምመጣው፤ ከሰዓት በኋላ ካውሃቫ ጣቢያ ነኝ።

አሁንም ብዙ ቀን ምንም አይሰማኝም፤ የዳንኩ እንዳይመስልሽ። ግን ምግቡ ጨው እንዳነሰው አውቃለሁ።

ለኦላቪ አንቺ አትንገሪው። መኪናውን አጥቦ ይምጣ። ጣቢያው ላይ ወርጄ፣ ያ ረጅሙ የታለ ሲለኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።

እህትሽ ኢርማ